ያላሸተትኩት ዘይት

አውቶቡስ ላይ ከመውጣቴ በፊት አዳምጣለሁ። ልደታ ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ አውቶቡሱ መጥቶ ሲቆም የሚያወጣውን የአየር ድምፅ እጠብቃለሁ። አጭርና ቁርጥ ያለ ከሆነ እሳፈራለሁ። ድምፁ ከተጎተተ ግን ሰው ሁሉ ገብቶ እኔ ቀርቼ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ! አሁን ተሳፋሪ ነሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአየር ፍሬን ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ መጠርጠር ነበር። የጡረታ ደብተሬን የሰጡኝ ዕለት መፍቻዎቼን ቆጥረው ተረከቡኝ፤ ጥርጣሬውን ግን አልተረከቡኝም።

ስሜ አልማዝ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ልደታ አጠገብ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክ ተመርቄ፣ የወታደር መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ በሲቪል ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ የምደባ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አንብቦ ቀና አለና «መካኒክ የሚለው ስህተት ነው። እኛ የጠየቅነው ጸሐፊ ነው» አለኝ። ሁለት ወር መዝገብ ቤት ፋይል አስደረደረኝ። ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ በየነ ናቸው።

ጋሽ በየነ የፍሬን ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ቅጽ ፍለጋ መዝገብ ቤት ገብተው አዩኝና «መካኒኳ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ፍሬን ታውቂያለሽ?»

«ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ።»

«የተማርሽውን አልጠየቅኩሽም። ፍሬን ትፈሪያለሽ?»

አውቶቡስ ቁልቁለት ሲወርድ ዓይኔን እንደምጨፍን ነገርኳቸው። ሳቁ። በማግስቱ አለቃውን አነጋግረው ወሰዱኝ።

ያኔ የምንጠግናቸው መኪኖች ከኛ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው፣ ከባድ፣ ጫጫታ የበዛባቸው የድሮ የጭነት መኪኖች ነበሩ። ዛሬ ወጣቶቹ ኮምፒውተር ይዘው ይመጡና ገመድ ይሰካሉ፤ የቱ ጋ እንደታመመ መኪናው ራሱ ይነግራቸዋል። የእኛዎቹ ምንም አይናገሩም። ፍሬናቸው የሚሠራው በአየር ነው። ሞተሩ አጠገብ ያለች ኮምፕሬሰር አየር እየጨመቀች ታንክ ውስጥ ታከማቻለች። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ቫልቮቹ ያንን አየር ወደ ጎማዎቹ ያሳልፋሉ፤ እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ወደ ውጭ ያስወጡታል። ቫልቭ ማለት ላስቲክ የተገጠመለት፣ በሞላ የሚዘጋ የብረት በር ነው በሉት። ላስቲኩ ሲደርቅ፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲያብጥ በሩ አይገጥምም። አየር ያፈስሳል።

ጋሽ በየነ አየር አፈሰሰ የተባለ መኪና ሲመጣላቸው መፍቻ አያነሱም። ሞተሩን ያስነሱና ታንኩ እስኪሞላ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ያጠፉትና ጋራዡን በሙሉ ዝም ያሰኛሉ። መዶሻ የያዘው መዶሻውን ያስቀምጣል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በመኪናው ዙሪያ ይሄዳሉ። እኔን ፔዳሉ ላይ አስቀምጠው «ርገጪ። ልቀቂ። ርገጪና ያዢ» ይሉኛል። ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚያፈስሰውና ሲረገጥ የሚያፈስሰው በሽታቸው የተለያየ ነው። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚይዙትን ቁራጭ ሳሙና ያወጣሉ፤ በጣሳ ውሃ ይበጠብጡትና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በብሩሽ ይቀባሉ። የሚያፈስሰው ቦታ አረፋ ይነፋል። አረፋውን አይተው እንኳ አያምኑም። «ይሄ የሚያለቅሰው ነው፤ የመታው ሌላ ሊሆን ይችላል» ይሉ ነበር።

ቫልቭ ሲፈቱ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። ሞላው፣ ላስቲኩ፣ ቀለበቱ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ ይሰለፋል። ማንም በአጠገቡ እንዲያልፍ አይፈቅዱም። አሮጌውን ላስቲክ በጥርሳቸው ሁሉ ነክሰው ያዩታል። ሌላው ሰው የሚዘለው፣ እሳቸው ግን ከጥገና በፊትም በኋላም የማይዘሉት አንድ ነገር ነበር። ከአየር ታንኩ ሥር የማፍሰሻ ቡሎን አለች። እሷን ላላ ያደርጉና የሚወጣውን ጠብታ በመዳፋቸው ተቀብለው፣ በጣታቸው አሽተው ያሸትቱታል። ውሃ ከሆነ በሱሪያቸው ጠርገው ያልፋሉ። ዘይት ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ አየሩ እያሳለፈ ነው ማለት ነው። ዘይት ደግሞ የቫልቩን ላስቲክ ያሳብጠዋል።

«ታንኩ ውስጥ ዘይት እያለ አዲስ ቫልቭ ከገጠምሽ ቫልቩን ገደልሽው» ይሉኝ ነበር። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሐረር ተመደብኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ አበሉ ትንሽ ይሻል ነበር። አለቃዬ ጸጥ ያለ ሰው ነበር፤ ሴት መሆኔን ሳያነሳ አሠራኝ። እዚያ ነው ሰውን መጠርጠር የጀመርኩት። አንድ ሹፌር ፔዳሉ ሲለቀቅም ፍሬኑ ይይዛል ብሎ መኪናውን አመጣ። ሙሉ ቀን ቫልቩን ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። መጨረሻ ላይ የቫልቩ የአየር ማስወጫ አፍ ውስጥ ጨርቅ አገኘሁ። የሚያፈስሰው አየር ድምፅ ተሰምቶ መኪናው ከጉዞ እንዳይቀርበት ራሱ ሹፌሩ ጠቅጥቆት ነበር። ሲያዝ ምንም አላፈረም። «ጉዞው ያመልጠኛል ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ሲመጣልኝ ከመኪናው ይልቅ የሰዎቹን ፊት አይ ጀመር። ዛሬ ሳስበው፣ ስህተቴ የተጀመረው እዚያ ጋ ይመስለኛል።

ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ስመለስ ጋሽ በየነ ጡረታ ወጥተዋል። የፍሬን ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። አዲሱ አለቃ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። ማን አረፈደ፣ ማን ምን ተናገረ፣ ማን ከማን ጋር ምሳ በላ፣ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋል። መለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዙት ደግሞ ጋሽ ግርማቸው ነበሩ፤ ከኔ በአሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ዝምተኛ ሰው። የመስታወቷን መስኮት ከግማሽ በላይ አይከፍቷትም። አንድ ቡሎን ሲሰጡ እንኳ ሦስት ጊዜ ያዩታል። አልወደድኳቸውም።

ሹፌሮች «ሽማግሌው» የሚሉት አንድ መኪና ነበር። ነጂው ታደለ ይባላል፤ ሃምሳ አለቃ ነው፣ ሳቂታ። ሽማግሌው የኋላው ቫልቭ አየር አፈሰሰ ተብሎ መጣልኝ። በሳሙና አየሁት፤ እውነትም ማስወጫው አረፋ ይነፋል። አዲስ ቫልቭ አውጥቼ ቀየርኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ቫልቭ አፈሰሰ። የተበላሸውን ሳልከፍተው ለግምጃ ቤቱ መልሼ እንደገና ቀየርኩት። በወሩ ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ።

አዲስ ቫልቭ በሦስት ሳምንት አይሞትም። ስለዚህ አዲስ አይደለም አልኩ። ሦስተኛውን ስቀበል የካርቶኑ ማሸጊያ ተቀዶ በፕላስተር እንደተለጠፈ አየሁ።

«ጋሽ ግርማቸው፣ ይሄ ካርቶን ለምን ተከፈተ?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«ለምን?»

«ለማየት።»

«ምኑን ለማየት?»

«ቫልቭ መሆኑን።» መስኮቷን ዘጉ።

ወደ ክፍሌ ወስጄ ቫልቩን በብርሃን አገላበጥኩት። ቱቦ የሚታሰርበት አፉ ላይ የመፍቻ ጥርስ ምልክት አለ። ከፋብሪካ በወጣ ዕቃ ላይ የመፍቻ ምልክት ምን ይሠራል? ወዲያው አለቃዬ ጋ ሄጄ ነገርኩት። ደስ አለው። «ጎበዝ! እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው የምፈልገው። ዓይንሽን እንዳትነቅዪበት» አለኝ።

አልነቀልኩም። ትንሽ ደብተር ገዝቼ ጋሽ ግርማቸውን መከታተል ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት በፌስታል የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር ይዘው ከግቢው ሲወጡ ሁለት ጊዜ አየኋቸው። ሲመለሱም ፌስታሉን ይዘዋል። ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታየኝ፤ አዲሱን ይዘው ይወጣሉ፣ ቀለም የተቀባ አሮጌ ይዘው ይመለሳሉ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ጋሽ ግርማቸው በአጠገባችን ሲያልፉ ሰው ዝም ማለት ጀመረ።

ሦስተኛውም ተገጥሞ እንደ ቀደሙት አፈሰሰ። አራተኛው ቫልቭ በመጣ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ቀለሙን ስፍቅ፣ ከሥሩ የድሮ ቁጥር ስፈልግ ዋልኩ። ምንም አላገኘሁም፤ አለማግኘቴንም በተንኮላቸው ላይ ጨመርኩት። ሽማግሌው ዱቄትና ሽንኩርት ጭኖ ካምፕ መድረስ ስላለበት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቫልቩን ገጠምኩ። ታንኩን ሞላሁ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ሳሙና ቀባሁ። አንድም አረፋ የለም። የአየር መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለችም። ከታንኩ ሥር ያለችውን ቡሎን ግን አልፈታሁም። ሐሳቤ ሁሉ ከግምጃ ቤቱ መስኮት ጀርባ ነበር። ከቀየርኩት ቫልቭ ሌላ የቆዩትን ቫልቮችም አልከፈትኳቸውም።

ታደለ ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ነድቶት ተመለሰ።

«እትዬ አልማዝ፣ ቶሎ አይለቅም።»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ። እግሬን ካነሳሁ በኋላም ትንሽ ይይዛል። ይጎትተኛል።»

የሐረሩ ሹፌር ፊት ድቅን አለብኝ። «ጉዞው ካልጣመህ ለአለቃህ ንገር እንጂ በእኔ ሥራ አታሳብ» አልኩት።

ታደለ አልተቆጣም። «እሺ» አለ። ሽማግሌውን አስነስቶ ሄደ።

ያበጠ ላስቲክ፣ ካልከፈትኳቸው ከቆዩት ቫልቮች በአንዱ እንኳ ቢሆን፣ አየሩን ቶሎ አያስወጣም። ፍሬኑ ሳይለቅ ጎማው ከሄደ የፍሬኑ ሸራና ጎማው የታሰረበት የብረት ታምቡር እየተፋጩ ይግላሉ። የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ አይዝም። ታደለ ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ከኋላ ጭስ አየ። ረገጠ፤ አልያዘም። ማርሽ ለመቀነስ ሞከረ፤ አልገባለትም። ከፊቱ ገበያተኛ ስለነበር መሪውን ወደ ተራራው ጎን ጠመዘዘው። መኪናው ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የታደለ ግራ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ደብተሬንና የተቀደዱትን ካርቶኖች፣ ቀይሬ ለግምጃ ቤቱ የመለስኳቸውንም ቫልቮች አስወጥቼ ይዤ ቀረብኩ። የመፍቻውን ምልክት አሳየኋቸው። ፌስታሉን ተናገርኩ። ጋሽ ግርማቸው ሲጠየቁ «ዕቃው አዲስ ነው። ራሴ ፈትኜዋለሁ» አሉ።

«በምን?» አላቸው ሰብሳቢው።

«በውሃ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንደነበር ሲጠየቁ ዝም አሉ። ከሥራ ተሰናበቱ። ለእኔ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሆስፒታል ታደለን ልጠይቅ ሄጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና «እግርህን የበላው የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ነው» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነገረውም።

ከአምስት ወር በኋላ የሽማግሌው ስብርባሪ ለመለዋወጫ እንዲፈታ ተወሰነ። ኮምፕሬሰሩን ሌላ መኪና ላይ ልንገጥመው ነበርና ከፈትኩት። የፒስተኑ ፋሻዎች ተበልተው አልቀዋል፤ ዘይቱን የሚያግደው ነገር የለም። ወደ ታንኩ ሄጄ፣ ተንበርክኬ ቡሎኗን ፈታሁ። ጥቁር ዘይት በመዳፌ ላይ ፈሰሰ። ጣቶቼ መሐል አሸሁት። አሸተትኩት። ጋሽ ግርማቸው የሰጡኝ አራቱም ቫልቮች አዲስ ነበሩ። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ አንድ በአንድ።

በዚያው ቀን ጋሽ በየነ ቤት ሄድኩ። ታመው ተኝተው ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጣራውን እያዩ ሰሙኝ።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እኔ ከሥራ አልተባረርኩም። እግሬም በቦታው ነው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ዓመት አረፉ።

አልተናገርኩም። ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ፤ በሐሰት መስክራለች ተብዬ እከሰሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ነገ እያልኩ ወሩ አለፈ፤ ከዚያ ዓመቱ። ሥራዬ ላይ ግን እንደ እብድ ሆንኩ። ማንም ሰው ታንክ ሳያሸት መኪና ከክፍሌ አይወጣም። ሠራተኞቼ «የእትዬ አልማዝ ሽቶ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ከየት እንደመጣ አንዳቸውም አያውቁም። አለቃዬም ተዛወረ፤ ከእሱ በኋላ ሦስት አለቆች ተፈራረቁ።

ልደታ ሰፊ ሰፈር አይደለም። ታደለ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት ፍርድ ቤቶቹ አካባቢ ለባለጉዳዮች ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ሲያገኘኝ ስቆ ሰላም ስለሚለኝ በማዶ በኩል መሄድ ለመድኩ። ጋሽ ግርማቸው ደግሞ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ማርያም አይቀሩም። በትልቁ በር አጠገብ፣ ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ በሌላው በር እገባ ነበር። ዓመታት በሌላው በር ገባሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ቀኑ ረዘመብኝ። የምፈታው ነገር ሳጣ አእምሮዬ እኔኑ መፍታት ጀመረ። በአራተኛው ወር፣ በልደታ ቀን፣ በትልቁ በር ገባሁ። ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አርጅተዋል።

«ጋሽ ግርማቸው፣ አወቁኝ?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በዚያኛው በር የምትገቢዋ አይደለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። «አንድ ነገር ልነግርዎ ፈልጌ ነው።»

«ታመሻል?»

«የለም። ደህና ነኝ።»

«ሐኪም ምን አለሽ?»

«እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ።»

«እንግዲያው የሚፈረም ነገር አለሽ» አሉ። «እኔ አልፈርምም።»

ምንም የሚፈረም ነገር እንደሌለ እየማልኩ፣ ቆሜ ነገርኳቸው። ኮምፕሬሰሩን፣ ዘይቱን፣ ከአምስት ወር በኋላ ማወቄን፣ ዝም ማለቴን። ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። የምዋሽበትን ቦታ እየጠበቁ ይመስሉ ነበር። ስጨርስ «ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ቫልቭ ነው» አሉ።

«ወዴት ነበር የሚወስዱት?»

«ከበሩ ወጣ ብሎ ያለው ጎሚስታ ጋ። አንድ ጊዜ ታሽጎ በመጣ ካርቶን ውስጥ ድንጋይ ተቀብያለሁ። ከዚያ ወዲያ ሳላይ የማልቀበል ሰው ሆንኩ። ጎሚስታው ቱቦ ያስርበትና አየር ይለቅበታል፤ የጎማ መፈተሻው ገንዳ ውስጥ እንነክረዋለን። የመፍቻው ምልክት የእሱ ነው። አረፋ ካላየሁ ነው ለአንቺ የምሰጥሽ።»

«ለኮሚቴው ለምን አልተናገሩም?»

«የመንግሥት ንብረት ያለ ፈቃድ ከግቢ አውጥቻለሁ ብዬ? እሱም ያስባርራል።» ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔም ስለ አንቺ ጽፌ ነበር።»

«ምን ብለው?»

«አሮጌ ብለሽ የምትመልሺልኝ ቫልቭ ላስቲኩ እንደ ዳቦ አብጦ ይመጣል። የሰጠሁሽ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። በሦስት ሳምንት እንዲህ የሚሆን ላስቲክ የለም፤ አዲሱን ሸጣ ከምናለሽ ተራ የገዛችውን ቆሻሻ ነው የምትመልስልኝ ብዬ ለአለቃሽ አመለከትኩ። በጣም ደስ አለው። ዓይንዎን እንዳይነቅሉባት አለኝ።»

ያ ሰው ለሁለታችንም አንድ ቃል ነው የሰጠን። ለጥቂት ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ፤ ጥፋቱን የማሸክመው ሰው ያገኘሁ መስሎኝ። ግን አለቃዬ እጄን አልያዘውም። ቡሎኗ ከዓይኔ በታች ነበረች፣ መፍቻውም በእጄ።

«ላስቲኩ ማበጡን ሲያዩ ለምን አልጠየቁኝም?» አልኳቸው።

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ጠይቄዎ መስኮቱን ዘጉብኝ እኮ።»

«ዘግቻለሁ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ግርማቸው።»

«እሱን ቆይ። ታደለ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ከልጄ ጋር የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ሱቁ ገብቼ ለሌባ አልሠራም አለኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ አንድም ቃል ጠይቃኝ አታውቅም። መጠየቅ ትፈራለች።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንሂድ።»

«አሁን?»

«አሁን ነው። ነገ ሐሳብሽን ትለውጫለሽ።»

ከግቢው ወጣን። ጎን ለጎን ልሄድ ስል «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ። ቀደምኩ። ከኋላዬ የከዘራቸውን ኳኳታ እየሰማሁ በሻማ ሻጮቹ መሐል፣ ከዚያ በታክሲዎቹ መሐል አለፍን። ቆም ባልኩ ቁጥር ከዘራውም ይቆማል። አምልጣ ትሄዳለች ብለው እንደሆነ ገባኝ። አልተቀየምኩም።

ታደለ ማሽኑ አጠገብ፣ በሱቁ ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፋይል የያዙ ሁለት ሴቶችና አንድ ጠበቃ የሚመስል ሰው ወረፋ ይዘዋል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «እትዬ አልማዝ! ምነው ጠፋሽ!» አለ። ከዚያ ከኋላዬ ጋሽ ግርማቸውን አየ። ሳቁ ጠፋ። «እሳቸውን ለምን ይዘሻቸው መጣሽ?»

«የምነግርህ ነገር አለኝ። ሰዎቹ እስኪወጡ ልጠብቅ» አልኩት።

«እኔ ስሰደብ ሰው ነበር» አሉ ጋሽ ግርማቸው፣ ከደጃፉ ሳይገቡ።

በሰዎቹ ፊት ተናገርኩ። ማሽኑ ወረቀት መትፋቱን ቀጥሏል፤ ታደለ አላቆመውም። ጠበቃው ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ወለሉን ያያል።

«ቫልቩ አዲስ ነበር ነው የምትዪኝ?» አለ ታደለ።

«አዲስ ነበር።»

«ማወቅሽስ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ስንት ዓመት እንደሆነ ነገርኩት። እየቆጠረ መሰለኝ። ማሽኑን አጠፋው። ከዚያ በሁለት እጁ ማሽኑን ተደግፎ፣ ደህናውን እግሩን አስቀድሞ ተነሳ። የተቀመጠበትን ወንበር ጎትቶ ወደ ደጃፉ አዞረው።

«ጋሽ ግርማቸው፣ ይግቡ። ይቀመጡ።»

ጋሽ ግርማቸው ወዲያው አልገቡም። ወንበሩን አዩት፣ የታደለን እግር አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ገብተው በዝግታ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ታደለ ማሽኑን ተደግፎ እንደቆመ ወደ እኔ ዞረ።

«አሁን ከመጀመሪያው ንገሪን» አለ። «አንድም ነገር እንዳትዘዪ።»

እዚያው በቆምኩበት ጀመርኩ።